የፍልስጤም ግጥም የሰሞኑ ፋሽን አይደለም

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ግጥም ምሽት አዘጋጆች ወደ አማርኛ የተመለሱ የፍልስጤም ግጥሞችን ከመርሐ ግብራቸው አውጥተዋል። ሁለት ምክንያት ሰጡ፦ በፍልስጤም ስም ከሌሎች ሕዝቦች ትግል ጋር መተባበር ማኅበራዊ ሚዲያ የወለደው ፋሽን ነው፤ ግጥሞቹም መፈክር እንጂ ጥበብ አይደሉም።

ፋሽን! ይህን የተናገረ ሰው አንድ መጽሐፍ እንኳ ገልጦ ቢያይ ቃሉ ከአፉ አይወጣም ነበር። ፍልስጤማዊው ባለቅኔ ማሕሙድ ዳርዊሽ የአፍሪካና የእስያ ጸሐፊዎች የሚሰጡትን የሎተስ ሽልማት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በዚያው ዓመት ከተሸለሙት አንዱ አፓርታይድን የታገለው ደቡብ አፍሪካዊው ደራሲ አሌክስ ላ ጉማ ነበር። ፓኪስታናዊው ባለቅኔ ፋይዝ አህመድ ፋይዝ የእነዚሁኑ ጸሐፊዎች መጽሔት «ሎተስ»ን ያዘጋጅ የነበረው ቤይሩት ተቀምጦ ነው። ጥቁር አሜሪካዊቷ ባለቅኔ ጁን ጆርዳን በ1982 ቤይሩት ውስጥ በሳብራና ሻቲላ የፍልስጤም ስደተኞች ከተጨፈጨፉ በኋላ በግጥሟ ራሷን ፍልስጤማዊት አደረገች። የትኛው ማኅበራዊ ሚዲያ ነው እነዚህን ያገናኛቸው?

ከሁሉም በላይ የጆርጅ ጃክሰን ታሪክ አለ። ጃክሰን ገና በ18 ዓመቱ ከነዳጅ ማደያ 70 ዶላር ዘርፈሃል ተብሎ ከአንድ ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ነሐሴ 1971 በካሊፎርኒያው ሳን ኩዌንቲን ወህኒ ቤት ጠባቂዎች ተኩሰው ገደሉት። ከክፍሉ በእጁ የተጻፈ ግጥም ተገኘ። ግጥሙ ጨቋኙን ፊት ለፊት ያናግራል፦ እንጀራዬን ልትነጥቀኝ ትችላለህ፣ ልብሴንና አልጋዬን ልሸጥ፣ ድንጋይ ልፈልጥ፣ ጎዳና ልጠርግ እችል ይሆናል፤ ነገር ግን አልደራደርህም፣ እስከ መጨረሻዋ የደም ሥሬ ትርታ እታገልሃለሁ። የጥቁር አሜሪካውያን የትግል ፓርቲ የሆነው የብላክ ፓንተር ጋዜጣ ግጥሙን በጃክሰን ስም አሳተመው። የጃክሰን ግን አልነበረም። «የፀሐይ ጠላት» የተባለውን ይህን ግጥም የጻፈው የገሊላው ፍልስጤማዊ ሳሚህ አል ቃሲም ነው፤ በእስራኤል ጦር አልሰለፍም ብሎ የታሰረው ባለቅኔ። የእንግሊዝኛ ትርጉሙን የያዘውን የፍልስጤም ግጥሞች መድበል በ1970 ዋሽንግተን ላይ ያሳተሙትም የጥቁሮች መብት ታጋዮች ያቋቋሙት ማተሚያ ቤት ሰዎች ናቸው።

እስቲ አስቡት። አንድ እስረኛ በዓይኑ ያላየውን አገር ሰው ግጥም ቃል በቃል በእጁ ገለበጠ፤ የትግል ጓዶቹም የራሱ ድምፅ መስሏቸው አተሙት። መለያየት አልቻሉም። በተጨቋኞች መካከል ያለ ዝምድና ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈልጋል? ማንም ስፖንሰር አላደረገውም፣ ማንም አላጨበጨበለትም። ይህን ፋሽን ማለት ድንቁርና ነው።

ደግሞ ይህን የምንለው እኛ ኢትዮጵያውያን መሆናችን ያሳፍራል። እ.ኤ.አ. በ1935 የሙሶሊኒ ጦር ሲዘምትብን የኒው ዮርኳ ሃርለም ጥቁሮች አደባባይ ወጥተውልናል፤ ጥቁር አሜሪካዊው ባለቅኔ ላንግስተን ሂዩዝ በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ ገጥሞልናል። ያን ጊዜ አገራችንን በዓይኑ አይቷት አያውቅም ነበር። የዛሬዎቹ አዘጋጆች ያኔ ኒው ዮርክ ቢኖሩ ለእርሱም «የሰው ጉዳይ ነው፣ አርፈህ ተቀመጥ» ሊሉት ነበር? የተገጠመለት ሕዝብ ልጅ ለሌላው የተገጠመውን ከመድረክ ሲያወርድ የት ያደገ ይባላል?

መፈክር ለሚለው ክስ ብዙ ቀለም አልጨርስም። ደካማ ግጥሞች አሉ፤ የትኛው አገር የሉም? ዳርዊሽ ራሱ ገና በ1969 «ከዚህ ጨካኝ ፍቅር አድኑን» ብሎ ለጉዳዩ ሲባል ማናቸውንም የፍልስጤም ግጥም የሚያወድሱትን ተቃውሟል። የጠየቀው ግን ግጥሙ እንደ ግጥም እንዲመዘን ነው። ለመመዘን ደግሞ መነበብ አለበት።

የእስራኤል መንግሥት ፍልስጤማዊቷን ባለቅኔ ዳሪን ታቱርን በ2015 ያሰራት በአንድ ግጥምና በፌስቡክ ጽሑፎቿ ምክንያት ነው። አብዛኛውን የክስ ዘመን በቤት ውስጥ እስር አሳልፋ በ2018 አምስት ወር ተፈረደባት፤ በግጥሙ የተላለፈባት የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሻረው በ2019 በይግባኝ ነው። ከሳሾቿ ቢያንስ ግጥሙን አንብበውታል፣ የሚጠሉትንም በግልጽ ተናግረዋል። የኛዎቹ ግን በጥበብ ስም ተከልለው ይሰርዛሉ። ኤምባሲ እንዳይቆጣ፣ ስፖንሰር እንዳይሸሽ ፈርተው ከሆነ ፈራን ይበሉ።