«አሚን በል እንጂ ልጄ!»

የፎክሎር (የሕዝብ ባህልና ቃል ጥናት) ተማሪ መስክ ወርዶ ቅርስ መመዝገብ አለበት የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። በጣም እስማማለሁ። እኔም ደሴ ላይ እየተማርኩ አንድ የባህል ምዝገባ ሥራ ላይ ተሳትፌ ነበር። የቡና ምርቃት እንድቀዳ ነው የተላክሁት።

አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። አቦሉ ሲቀዳ መመረቅ ጀመሩ። እኔ ድምፄ እንዳይገባ ዝም ብዬ መቅረጫውን አያለሁ። ድንገት አቆሙ። «አሚን በል እንጂ ልጄ! ለማን ነው የምመርቀው?» አሉኝ። አሚን አልኩ። ቀጠሉ።

የምዝገባው ቅጽ ላይ የተራኪ ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታ፣ ቀን የሚል አለ። አሚን ለሚሉት ጎረቤቶች ግን ቦታ የለውም። አስተባባሪው ድምፄን ቆርጬ እንዳወጣ ነገረኝ። አላወጣሁም። ያለ አሚን ምን ምርቃት አለ? የዩኔስኮ የ2003 (እ.ኤ.አ.) ስምምነት እንኳ የማይዳሰስ ቅርስ የሚለው ማኅበረሰቡ ራሱ ቅርሴ ብሎ የሚቀበለውን ነው። ኢትዮጵያም አጽድቃዋለች። ቅጽ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ እባካችሁ ጎረቤቶቹንም አስገቧቸው። ቅጂውንም ለባለቤቶቹ መልሱላቸው።

እኔ ለእኚያ እናት ቅጂውን በስልኬ ይዤላቸው ሄድኩ። በረካው ላይ ደረስኩና ከፈትኩላቸው። የራሳቸውን ምርቃት ሲሰሙ፣ ሲኒውን አስቀምጠው እሳቸውም አሚን አሉ።