ስክሪኑ ደህና ነበር

ስክሪኑ ደህና እየሠራለት «እስቲ የግራፊክስ ድራይቨሩን (ኮምፒውተሩ የሥዕል ካርዱን የሚያዝበትን ፕሮግራም) ልቀይረው» ብሎ የተነሳን ሰው ለምን እንደተነሳ ብትጠይቁት፣ የተሰናዳ መልስ አታጡበትም። ፊልም ሲያይ ሥዕሉ መሐሉ ላይ በአግድም ይሰነጠቃል ይላችኋል። መስኮት ሲጎትት ይንቀረፈፍበታል። አትመኑት። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ሰው ነው። የወዳጄንም ነገር የጀመረው አንድ እንግዳ ነው፤ ከኋላው ቆሞ ስክሪኑን ጥቂት አየና «ይሄ ሞኒተር 144 ኸርዝ አይደለም እንዴ? ምነው በ60 ትሠራበታለህ?» አለው። ኸርዝ ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ሥዕሉን እንደሚያድስ መቁጠሪያ ነው።

አለቀ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ወዳጄ 60ውን ኸርዝ በሰላም ሲያይ የኖረ ሰው ነበር። ዓይኑን አላመመውም፣ ሥራውም አልተጓደለም። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግን የማውሱ ቀስት በሄደች ቁጥር ስታነክስ ይታየው ጀመር። እንግዳው ሻንጣውን አንስቶ ሄደ። እንዲህ ዓይነት እንግዶች ለምርመራ እንጂ ለሕክምና አይመጡም።

የወዳጄ ካርድ ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ ሥራ ነው። ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ይህን ካርድ የያዘ ሰው ሁለት ድራይቨር ይቀርብለታል። አንደኛው ኑቮ ይባላል፤ በጎ ፈቃደኞች፣ ካርዱ ምን ሲታዘዝ ምን እንደሚያደርግ ከውጭ እየሰለሉ የጻፉትና በ2010 ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ የገባ ነው። ሁለተኛው ኩባንያው ራሱ የሚሰጠው ነው፤ ፈጣን፣ ግን ውስጡ ለረጅም ዘመን ተዘግቶ የኖረ። በዚህ መዘጋት ስንቱ ተቃጥሏል! በ2012 የሊኑክስ አባት ሊነስ ቶርቫልድስ ፊንላንድ ውስጥ በአልቶ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ስለዚሁ ኩባንያ ተጠይቆ የመሐል ጣቱን ወደ ካሜራው ቀስሮ መልስ ሰጥቷል። በ2022 ኩባንያው ከርነሉ ላይ የሚሰካውን የድራይቨሩን ክፍል፣ የሞጁሉን ኮድ ከፈተ። ጣቱ ያመጣው ነው ብዬ አልመሰክርም፤ ከሆነም አሥር ዓመት ተቀስሮ መቆየት ነበረበት።

ወዳጄ ፈጣኑን መረጠ። ኑቮን እንዳይነሳ ጥቁር መዝገብ ላይ አሰፈረ፤ አዲሱን ጫነ፤ መስኮቶቹን ስክሪን ላይ የሚስለው ኤክስ የተባለ ሥርዓት በሚያነበው ኤክስ ኦርግ ኮንፍ በሚባለው ፋይል ላይም «ከእንግዲህ የምትሰማው ይህንን ድራይቨር ብቻ ነው» የሚል ትእዛዝ አጻፈ። በመሐል ጫኚው አንድ ፓስወርድ እንዲያወጣ ጠየቀው፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ከላይ ዘርዘር ያለ ማብራሪያ ነበረው። ወዳጄ ማብራሪያ የሚያነብ ሰው አይደለም። የሚያነብ ሰውም አላውቅም። አንድ ቃል ጻፈ፣ ደገመው፣ ሪስታርት አደረገና እግሩን ሊያፍታታ ወጣ። (ይህችን መውጣት ያዙልኝ።)

ሲመለስ ስክሪኑ ጥቁር ነበር፤ ከላይ በግራ ጥግ አንዲት ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ጥቁር ስክሪን ሁለት ዓይነት መሆኑን ያላወቀ ይደነግጣል። ሰረዝ የሌለበት ያስፈራል። ሰረዝ ያለበት ግን ተስፋ አለው፤ ማሽኑ ነፍሱ አለች፣ አኩርፎ ነው እንጂ። ኮንትሮልና ኦልት ይዛችሁ ኤፍ3ን ስትነኩ የጓሮ በር ይከፈታል፤ ሥዕል የለም፣ ጽሑፍ ብቻ። ወዳጄ በዚያ ገብቶ የኤክስን ሎግ (የሥራ ማስታወሻውን) አወጣ። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል፤ ይህ ሎግ ነበረም፣ ቀበረም። ያንን ሁሉ መስመር ተርኮ ተርኮ መጨረሻ ላይ «ስክሪን አልተገኘም» ብሎ ይደመድማል። ይህንን ወዳጄ ያነበበው በስክሪኑ ላይ ነው።

እዚህ ድረስ ችግሩ የአንድ ሰው ነበር። ለሰው የተናገረ ጊዜ የሁላችንም ሆነ።

አንድ ወጣት ሰላም እንኳ ሳይል «ዌይላንድ ነህ ኤክስ?» አለው። ጥያቄው የቴክኒክ ይመስላል፤ የሃይማኖት ነው። ኤክስ በ1984 ኤምአይቲ ውስጥ የተወለደ ሽማግሌ ሥርዓት ነው፤ በ1987 ዕትም 11 ደረሰ፣ ከዚያ ወዲህ 11 ነኝ እንዳለ አለ። ዌይላንድ እሱን ሊወርስ በ2008 ተነሳ። ዛሬ በብዙ ቦታ ዙፋኑ ላይ ተቀምጧል፤ ሽማግሌው ግን ከቤተ መንግሥቱ አልወጣ ብሏል። ወዳጄ ኤክስ መሆኑን ሲናገር ወጣቱ «በቃ፣ ኤክስ ስለሆንክ ነው!» ብሎ ፈረደ። ዌይላንድ ነኝ ቢልስ ኖሮ? «ዌይላንድ ስለሆንክ ነው» የሚለው ሰውዬ እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

ሌላው «የኔ ይሠራል» አለ። ደግሞ አለው፤ «የኔ እኮ አንድም ቀን እንዲህ ብሎ አያውቅም።» ምክሩ ይኸው ነው። የታመመ ሊጠይቅ ሄዶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ስለራሱ ጤንነት የሚያወራ ዘመድ ታውቁ የለ? እሱ ነው።

«ምንድን ነው የጫንከው? ኡቡንቱ? ተወው ወንድሜ፣ እኔ የምጠቀመውን ጫን» ያለም አልጠፋ። ይህ ሰው በየሰሞኑ ዲስትሪቢውሽን (የሊኑክስ ዓይነት) ይቀያይራል፤ ችግር አጋጥሞት አያውቅም፣ ችግር እስኪደርስበት አንድ ቦታ ቆይቶ ስለማያውቅ። ቀጥሎ ካርዱን ሸጦ የተፎካካሪውን ኩባንያ የኤኤምዲን ካርድ እንዲገዛ የመከረው መጣ። ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ስላለ ሰክቶ መቀመጥ ብቻ ነው አለ። ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው የሚያናድደው፤ ስክሪኑ ለጠፋበት ሰው የገበያ ምክር ምን ያደርግለታል?

ሁሉም በአንድ ቃል የተስማሙበት ነገር ኖሞድሴት ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ፣ ሊኑክስን በሚያስነሳው ግሩብ በሚባል ፕሮግራም ላይ ይህን ቃል ጨምር ይሉሃል። ምን እንደሚያደርግ የጠየቅኋቸው ሁሉ «ይሠራል» አሉኝ። የሚያደርገው ቀላል ነው፤ ከርነሉ የግራፊክስ ካርዱን አሠራር ራሱ እንዳያዘጋጅ ይከለክለዋል፣ ማሽኑም ባለችው ተራ ማሳያ ይነሳል። ዝም ብሎ የሚታዘዝ የማስታገሻ ክኒን ነው፤ በሽታውን አይነካም፣ ሲሻልህ ደግሞ አውጣው የሚልህ የለም። ስንቱ ጤነኛ ኮምፒውተር ማንም ያላስታወሰውን ኖሞድሴት ተሸክሞ እያዘገመ ይኖራል!

በመጨረሻ ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ደረሱ። ጋሼ ኤክስ ፍሪ 86 የሚባለው የድሮው ኤክስ ዘመን ሰው ናቸው። በዚያ ዘመን የሞኒተሩን መመሪያ ገልጦ አግድሙን በኪሎኸርዝ፣ ሽቅቡን በኸርዝ፣ እያንዳንዱን የስክሪን መጠን በቁጥር ሰልፍ በእጅ መጻፍ የተጠቃሚው ሥራ ነበር፤ ቁጥሩ ከተሳሳተ የድሮው ባለ ቱቦ ሞኒተር ሊበላሽ እንደሚችል መመሪያዎቹ ያስጠነቅቁ ነበር። «እናንተ ሞኒተሩ ራሱ ይነግራችኋል፤ ተቀማጥላችኋል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የዛሬ ሞኒተር ስሙንና አቅሙን ጽፎ ለኮምፒውተሩ ያቀብላል። ከዚያ ዴቢያን በሚባለው ዲስትሪቢውሽን ዘመናቸው የለመዱትን ኤክስ ሰርቨርን እንደገና የማዋቀሪያ ትእዛዝ ጻፉ። ድሮ ይህ ትእዛዝ ካርድህ ምንድን ነው፣ ሞኒተርህ ምንድን ነው፣ ማውስህ የት ነው እያለ እንደ መርማሪ ያፋጥጥ ነበር። ዛሬ ስለ ስክሪን አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ተመለሰ። ጋሼ ጥቂት ዝም አሉ። ሰው የሚያውቀው ትእዛዝ ሳይሞት ባዶ ሆኖ ሲመለስ ማየት ደስ አይልም።

ቢሆንም ሙያቸው አልከዳቸውም። «ያንን ኮንፍ ስሙን ቀይረው፤ ኤክስ ራሱ ይፈልግ» አሉ። ፎልደሩ ሲከፈት ወዳጄ ከዚህ ቀደምም እዚያ እንደነበረ ታወቀ፤ ኮንፍ አሮጌ፣ ኮንፍ አሮጌ 2፣ ኮንፍ ትክክለኛው፣ ኮንፍ እውነተኛው ትክክለኛ ተደርድረዋል። አንድ ተጨመረላቸው። ማሽኑ ተነሳ። 1024 በ768፤ ፊደሉ ሁሉ አብጦ፣ ሰዓቱ የስክሪኑን ሩብ የያዘ እስኪመስል። ወዳጄ በ144ቱ ኸርዝ ተስፋ ያላገኘውን ደስታ እዚህ አገኘው። ስክሪን አየሁ ብሎ ጋሼን አቀፋቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው አጭር ነው። ሞጁሉን በእጅ ለማስገባት ሲሞከር ከርነሉ የሚፈለገው ቁልፍ የለም አለ። ማለትም ሴኪዩር ቡት በርቷል፤ በሚያውቀው ቁልፍ ያልተፈረመ ሞጁል አያስገባም። ጫኚው ፓስወርድ የጠየቀው ለዚህ ነበር። ከሪስታርት በኋላ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ 10 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ማሽኑ ፊት ሰው ተቀምጦ ያንኑ ፓስወርድ ከጻፈ አዲሱ ቁልፍ ይመዘገባል። ሰው ከሌለ ገጹ ዝም ብሎ ያልፋል። በዚያች 10 ሰከንድ ወዳጄ እግሩን እያፍታታ ነበር። ኑቮ እንደታገደ፣ አዲሱ በር ላይ እንደቆመ፣ ስክሪኑ ያለ ባለቤት ቀረ። በዚህ ሁሉ ግርግር ውስጥ የማደንቀው ይህንን ጥበቃ ብቻ ነው፤ የመጣውን ሁሉ የማያስገባ እሱ ብቻ ነበር።

ቁልፉ እንደገና ለምዝገባ ቀረበ፤ ሪስታርት ሲደረግ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። ሰማያዊው መጣ፣ ፓስወርዱ ተጻፈ፣ 144 ኸርዝ ሆነ። ወጣቱ «ያልኩህ ነው» አለ፤ ምን እንዳለው ግን ማንም አላስታወሰም። ወዳጄ ለማሳየት ብሎ ፊልም ከፈተ። ሥዕሉ አይሰነጠቅም፣ አይንቀረፈፍም። ድምፅም የለውም። ከአዲሱ ድራይቨር ጋር ኮምፒውተሩ ድምፁን በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ሞኒተሩ መላክ ጀምሯል፤ ሞኒተሩ ደግሞ ስፒከር አልተፈጠረለትም።

ጋሼ ኮታቸውን አነሱ። ወጣቱ ወንበሩን ሳብ አደረገና፣ ወደ ድምፅ ሥርዓቶቹ ዞሮ፣ «ፐልስኦዲዮ ነህ ፓይፕዋየር?» አለው።