ባዶውን ሳጥን ባዶ ተዉት

ባለፈው ሰሞን ባሕር ዳር ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ሥራዬን ጠየቀኝ። ወንዝና ዝናብ እለካለሁ አልኩት። «አሁንም በሰው ነው እንዴ? ሳተላይት እያለ?» አለኝ። ልጁ ለማወቅ ፈልጎ ነው። ግን ይህንኑ ጥያቄ ስብሰባ ላይ፣ ከባለሙያ አፍም ጭምር፣ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አውቶማቲክ ጣቢያ ይተከል፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይብቃ ይባላል። መውረጃዬ ደረሰና መልሴን ሳልጨርስ ወረድኩ። እዚህ ልጨርሰው።

እኔ የመስክ ቴክኒሻን ነኝ። የምዞረው ጣና ዙሪያ ነው፤ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይ፣ ወደነሱ የሚገቡ ትናንሽ ጅረቶችም አሉ። ወንዙ ዳር እንደ ትልቅ ማስመሪያ በሴንቲሜትር የተከፋፈለ ሰሌዳ ተተክሏል። እኛ ስታፍ ጌጅ እንለዋለን። በየቀኑ የማነበው ግን እኔ አይደለሁም። አቅራቢያው የሚኖር ገበሬ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ወርዶ ያይና ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ዝናቡንም እንዲሁ አንድ የሰፈር ሰው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይለካል። እኔ በየጊዜው እየሄድኩ ደብተሩን እሰበስባለሁ፣ ሰሌዳውን ከጭቃ አጸዳለሁ፣ የወንዙን ፍጥነት ለክቼ ያ ከፍታ በሰከንድ ስንት ኪዩቢክ ሜትር ውሃ ማለት እንደሆነ አወጣለሁ።

አንድ ሴንቲሜትር ምን ያህል ለውጥ ያመጣል የሚል ካለ ይህን ያስላ። የጣና ስፋት ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የሐይቁ ከፍታ በ1 ሴንቲሜትር ተሳስቶ ቢነበብ 30 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ውሃ ያለቦታው ተጻፈ ማለት ነው። ከዚሁ ሐይቅ ነው ዓባይ ጨረጨራ በተባለው የውሃ መቆጣጠሪያ በኩል የሚወጣው፤ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ውሃውን የሚያገኘው ከዚሁ ነው። ዓባይ ድንበሩ ላይ በዓመት በአማካይ ወደ 49 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ይፈሳል ስንል ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። ሰው ወንዝ ዳር ጎንበስ ብሎ እያየ የጻፈው ቁጥር፣ ቀን በቀን፣ ዓመት በዓመት ተደምሮ ነው እዚያ የደረሰው። አሜሪካኖች በ1964 እ.ኤ.አ. ያወጡት የዓባይ ተፋሰስ ጥናት ዛሬ የሕዳሴ ግድብ ያረፈበትን አካባቢ ለግድብ ሲያጨው፣ እነሱም ወንዞቹ ላይ ሰሌዳ ተክለው ነበር።

የፍጥነት ልኬቱን ማየት የፈለገ ሐምሌ ላይ ይምጣ። ወንዙ ሲሞላ ከድልድይ ላይ ሆነን ነው የምንለካው። ትንሽ የሚሽከረከር መሣሪያ አለች፤ ከሥሯ ዓሣ የመሰለ ከባድ ብረት ታስሮላት በገመድ ትወርዳለች። ዙሯን እየቆጠርን ከዳር እስከ ዳር፣ ነጥብ በነጥብ እንሄዳለን። አንድ ሰው ዓይኑን ከላይ ከሚመጣው ውሃ አይነቅልም። ግንድ ሲመጣ «አንሣ!» ብሎ መጮህ የሱ ሥራ ነው፤ ካልተነሣ መሣሪያውም ገመዱም ከግንዱ ጋር ይሄዳል። እንዲህም ሆኖ ትልቁን ሙላት እምብዛም አንለካውም፤ ወንዙ ከዳርቻው ሲወጣ መንገዱም አብሮ ስለሚቆረጥ እኛ እዚያ አንደርስም። ስለዚህ ለትልቁ ጎርፍ የሚሰጠው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከትንንሾቹ ልኬቶች ተነሥቶ የተገመተ ነው። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ይህን ማወቅ አለበት። ርብ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ደለሉ የወንዙን አልጋ ከፍ እያደረገው ስለሄደ፣ የዛሬ አሥር ዓመት 2 ሜትር ተብሎ የተነበበውና ዛሬ 2 ሜትር የሚነበበው አንድ ዓይነት ውሃ አይደለም። ሰው ሄዶ እንደገና ካልለካ ሰሌዳው ብቻውን ምንም አይነግረንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ፎገራ ውስጥ ዝናብ የሚለኩ አንዲት እናት አሉ። መለኪያው ግቢያቸው ውስጥ ነው፣ በአጥር ተከቧል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተጠራቀመውን ውሃ መስመር ባለው ብርጭቆ ቀድተው፣ ብርጭቆውን ከዓይናቸው ትክክል አድርገው ያነባሉ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ መሆኑን ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ደግሞ ለጎረቤቶቻቸው አስረድተዋል። አንድ ክረምት ደብተራቸውን ስገልጥ የነሐሴ አንድ ቀን ሳጥን ባዶ ነው። ማስታወሻው ዓምድ ላይ በተጣበበ ጽሕፈት «ላሟ ገፋችው። የፈሰሰው አይታወቅም» ይላል። ቀና ብዬ ሳያቸው ፊታቸው ተለዋውጧል። «ልጄ፣ ትቆርጡብኛላችሁ?» አሉኝ።

ለምን እንደጠየቁኝ ገብቶኛል። ከዓመታት በፊት የሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ባዶ ቀን ካገኘ ከአንባቢው ክፍያ ይቀንስ ነበር። ያችው ትንሽ ክፍያ ራሷ ወር ጠብቃ አትመጣም፤ ሦስት አራት ወር ተጠራቅማ ነው የምትደርሰው፣ ያውም ለፊርማ ወረዳ ከተማ ድረስ ተኪዶ። ታዲያ ምን ይሆናል? ሰዉ መሙላት ይጀምራል። ከሌላ ቦታ የመጣ አንድ ደብተር አይቼ አውቃለሁ፤ የሐምሌ ወር በሙሉ 5.0፣ 10.0፣ 5.0፣ 15.0 እያለ ይሄዳል። ዝናብ እንዲህ አይዘንብም። ካፊያ አለ፣ ዶፍ አለ፣ 0.7 አለ፣ 23.4 አለ። በኋላ ስጠይቅ ሰውዬው ልጁ ታሞበት ሆስፒታል ነበር፤ ሲመለስ እንዳይቆረጥበት በአንድ ቀን ተቀምጦ ሞላው። እኔ እሱን ለመውቀስ አፌ አይከፈትም። ያ ደብተር ግን ኮምፒውተር ውስጥ ገባ፣ አማካይ ተሠራበት፣ ከዚያ በኋላ ማንም ከእውነተኛው ሊለየው አይችልም።

ባዶ ሳጥን ችግር አይደለም። ባዶ መሆኑ ከታወቀ በዙሪያው ካሉ ጣቢያዎች መገመት ይቻላል፣ ወይም ያ ቀን ከስሌቱ ይወጣል። የተፈጠረ ቁጥር ግን እውነት መስሎ ይቀመጣል። «ላሟ ገፋችው» የሚለው ጽሑፍ እኔ ዘንድ ከአንድ ወር የተጠጋጉ ቁጥሮች የበለጠ ዋጋ አለው፣ ምክንያቱም ያንን የጻፈ ሰው በሌላው ቀን 23.4 ብሎ ሲጽፍ አምነዋለሁ።

ማሽኑስ? አልጠላውም። ጥሩ ነው፣ ሌሊትም ይሠራል፣ መረጃውን በስልክ ኔትወርክ ይልካል። ብዙዎቹ አውቶማቲክ የዝናብ መለኪያዎች በውስጣቸው ሁለት ወገን ያላት ትንሽ ማንኪያ መሰል ነገር አለች፤ 0.2 ሚሊ ሜትር በሞላች ቁጥር ትገለበጣለች፣ እሷም ትቆጠራለች። አሁን የወፍ ኩስ ማጥለያውን ይድፈነው። ወይም ሸረሪት ድር ትሥራበት። ዝናቡ እየዘነበ ማሽኑ 0 ብሎ ይልካል። በማግስቱም 0። አዲስ አበባ ስክሪን ፊት የተቀመጠው ሰው ድርቅ ነው ወይስ የወፍ ኩስ፣ በምን ይለየዋል? አንዴ ራሴ ከፍቼ የጠረግኩት ማሽን አለ፤ አጥሩ ሥር ያለው ሣር ጉልበት ደርሷል፣ መሬቱ ጭቃ ነው፣ መዝገቡ ግን ለሁለት ሳምንት ጠብታ አላየም። አጠገቡ የሚኖር ሰው በወር ትንሽ ነገር ተከፍሎት ጠዋት ጠዋት ቢያየው ኖሮ በአንድ ቀን ይታወቅ ነበር። ሶላሩ ይሰረቃል፣ ባትሪው ይደክማል። ይህን ሁሉ የሚያይ ሰው ነው።

ሳተላይቱም ቢሆን ከላይ ሆኖ ይገምታል እንጂ ዝናቡን በብርጭቆ አይለካም። በአብዛኛው የደመናው አናት ምን ያህል እንደቀዘቀዘ አይቶ ነው ዝናቡን የሚያሰላው። ግምቱ የሚታረመው ደግሞ መሬት ላይ ባለው ልኬት ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም የጣቢያዎቹን መረጃ ከሳተላይቱ ጋር አዋሕዶ ይጠቀማል። እነዚያ እናት ካልጻፉ ሳተላይቱ በፎገራ ላይ ልክ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ደግሞ ባሕር ዛፉን አትርሱብኝ። መለኪያ ሲተከል ሜዳ ላይ ነው የሚተከለው፤ በዙሪያው ያለ ነገር የራሱን ቁመት ቢያንስ ሁለት እጥፍ ያህል መራቅ አለበት ይላል ደንቡ። አገራችን ግን ባሕር ዛፍ ይተክላል። ከሃያ ሰላሳ ዓመት በፊት ሜዳ የነበረው ዛሬ ጫካ ሆኖ፣ ዛፉ ዝናቡን ከመለኪያው ፊት ሲቀበለው አይቻለሁ። ወረቀቱ ላይ «ዝናቡ እየቀነሰ ነው» ይላል። ሄዶ ያላየ ሰው የአየር ንብረት ለውጥ ብሎ ይጽፈዋል። ለውጡ የለም አላልኩም፣ አለ፤ ለዚያ ነው ዛፉን ከዝናቡ መለየት ያለብን።

ድሬዳዋን የማነሳው በሌላ ምክንያት ነው። ሐምሌ 29 ለ30፣ 1998 ሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማው ላይ ወጣ። ከ250 ሰው በላይ ሞተ። ዶፉ የወረደው ላይ፣ ደጋው ላይ ነበር፤ ውሃው የደረሰው ሰው በተኛበት ነው። በቀን ሁለቴ የሚነበብ ሰሌዳ እንዲህ ያለውን ደራሽ ውሃ አይዘውም። አሁን ግን ብዙ ገበሬ እጅ ላይ ስልክ አለ። ተራራው ላይ ያለው ሰው «እዚህ ከባድ ነው የዘነበው፣ ወንዙ እየመጣ ነው» ብሎ ታች ላለው ቢደውል ስንት ደቂቃ ይገኛል? ያ ደቂቃ ሕፃን ታቅፎ ከፍ ወዳለ ቦታ ለመውጣት ይበቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሠለጠነ፣ ስልኩ ላይ ካርድ የተሞላለት፣ ማን ጋ እንደሚደውል የተነገረው ሰው ነው።

ገበሬ በትክክል ይለካል ወይ ለሚል ደግሞ ዳንግላን ልጥቀስ። ደንገሽታ ቀበሌ ከ2006 ጀምሮ ነዋሪዎች ራሳቸው ዝናብ፣ የወንዝ ከፍታና የጉድጓድ ውሃ ሲለኩ ቆይተዋል። ተመራማሪዎቹ መዝገቡን ከመደበኛ ጣቢያዎች ጋር ሲያስተያዩት ከመደበኛው ያልተናነሰ ሆኖ አገኙት። አንባቢውን ማኅበረሰቡ ራሱ መርጦት ነበር፤ የሰበሰበውም ውጤት ተመልሶ ለነሱ ይቀርብላቸው ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። አዲስ ማሽን ከመገዛቱ በፊት የአንባቢው ክፍያ በወሩ፣ በስልኩ ይግባለት። ወረዳ ድረስ አታመላልሱት። ባዶ ሳጥን አይቀጣ፤ ምክንያቱን የጻፈ እንዲያውም ይመስገን። ቴክኒሻኑ መኪናና ነዳጅ አግኝቶ ቢያንስ ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ጣቢያውን ይይ። በጸጥታ ምክንያት መድረስ ካልተቻለም አልተደረሰም ተብሎ ይመዝገብ። ውጤቱም ለለካው ሰው ይመለስለት።

ይህን የመጨረሻውን ጉማራ ላይ ሞክሬዋለሁ። ሰሌዳውን ለዓመታት ሲያነቡ የኖሩ አንድ አባት አሉ። ያለፈውን ክረምት ቁጥራቸውን በወረቀት ላይ በመስመር ሥዬ ወሰድኩላቸው። ከድልድዩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጣታቸውን እያስኬዱ ሐምሌን አለፉ፣ ነሐሴ ላይ ቆሙ። «ሌሊት የመጣው የታለ? ያ ጤፉን የወሰደው?» አሉኝ። የለም። ማታ 12 ሰዓት ሲያነቡ አልመጣም፣ ጠዋት 12 ሰዓት ሲወርዱ ጎድሏል። መስመሩ በዚያ ሌሊት ላይ ረጋ ብሎ ያልፋል። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ድልድዩ ምሰሶ ወሰዱኝና ከራሳቸው ቁመት በላይ የደረቀውን የጭቃ መስመር በዱላቸው ነኩት። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁት። አሁን ክረምት በገባ ቁጥር ጠዋት ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያዩት ያንን ምሰሶ ነው፤ አዲስ ጭቃ ካለ ከፍታውን ማስታወሻው ዓምድ ላይ ይጽፋሉ፣ ከጎኑም «ሌሊት» ይላሉ።