መስኮቱ ነፋስ ያስገባል ላልሽው

በፈረንሳይ ሎዋር ሸለቆ፣ ታድሶ ለእንግዳ በተከፈተ የድሮ የባላባት ቤት ስላሳለፍሽው ዕረፍት የጻፍሽውን ወድጄዋለሁ። ግን "ይህን ሁሉ ከፍለን መስኮቱ ነፋስ ያስገባል" ያልሽው ላይ አልስማማም። ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ ባለቤቱ እንደ ልቡ መስኮት መቀየር አይችልም። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1913 ጀምሮ በሕግ የተደነገገ ነው፤ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜም የድሮውን እንጨት ጠግን እንጂ በፕላስቲክ ተካ አይባልም።

እኛም ከቱር ከተማ ብዙ በማይርቅ እንዲህ ያለ ቤት አርፈናል። ግድግዳው "ቱፎ" ከሚሉት ከአካባቢው ነጭ ድንጋይ የተሠራ ነው። ድንጋዩ ከመለስለሱ የተነሳ ልጄ በጥፍሯ ስትጭረው ዱቄቱ እጇ ላይ ቀረ (ተቆጣኋት እንጂ እኔም አማረኝ)። እንዲህ ያለውን ቤት ማደስ መቼም አያልቅ!

ለመሄድ ላሰባችሁ፦ "ሻምብር ዶት" የሚባሉት፣ ባለቤቱ በሚኖርበት ቤት ለእንግዳ ክፍል የሚከራይባቸው ማረፊያዎች ከ5 ክፍል በላይ ማከራየት አይፈቀድላቸውም፤ ስለዚህ ቶሎ ይሞላሉ። ቁርስ ዋጋው ውስጥ ነው። ራት ግን ቀድማችሁ ካልጠየቃችሁ ጾማችሁን ታድራላችሁ። መኪናም ያዙ፤ በገጠሩ እሑድ አውቶቡስ ማግኘት ዘበት ነው። ሹራብ ደግሞ በበጋም ቢሆን አትርሱ።