ማን ሶርት አድርግልኝ አለህ?!

ንድድ ብሎኝ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብስት እለፉኝ። የኮፒ ቤቱ ልጅ ሶርት ላድርግልሽ (በፊደል ተራ ልደርድርልሽ) ብሎ በኤክሴል፣ በኮምፒውተሩ ሰንጠረዥ፣ የያዝኩትን ዝርዝሬን አጠፋብኝ። አዎ ያንኑ የመጽሐፍ ዝርዝሬን፣ ስትስቁበት የኖራችሁትን። ዛሬ እንኳን ደስ አላችሁ።

መብራት ሄዷል (ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ይሄ ዜና አይደለም)፣ ላፕቶፔ ሞቷል፣ ነገ ደግሞ ለገሃር አሮጌ መጽሐፍ ልቃርም መውጣቴ ነው። ዝርዝሩን ሳልይዝ ከሄድኩ ቤቴ ያለውን መጽሐፍ ደግሜ ገዝቼ እመጣለሁ። ከዚያ ዞሬ ለመመለስ ደግሞ ታክሲ ሰልፉን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ፍላሼን ይዤ ጄኔሬተር ወዳለው ኮፒ ቤት ወረድኩ። ሁለት ገጽ ፕሪንት። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

ልጁ ፋይሉን ከፈተና ፈገግ አለ።

«እህቴ፣ የሱቅ ዕቃ ነው እንዴ?»

«የመጽሐፍ ዝርዝር ነው።»

«መጽሐፍ መደብር አለሽ?»

«የለኝም። ያነበብኳቸው ናቸው።»

ከስክሪኑ ዞር ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ያነበብሽውን? ታዲያ አንብበሽው የለ እንዴ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ያደርግልሻል?»

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። መታወቂያ ኮፒ ለማስደረግ የቆሙ እናት አንገታቸውን አስግገው አዩና «እኔ እኮ የዕቁብ መስሎኝ፣ ለስንት ሰው ደረሰ ልል ነበር» አሉ። እሳቸውን አልቀየምም፤ ከሁሉም የተሻለ ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ናቸው።

እሱ ግን መች በቃው። አስተያየት የምጽፍበትን ኮለም ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «"ገጽ 62 ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።" ይሄም ይታተም?» ይታተም አልኩት። «"ደራሲው ሚስቱን የሚወዳት አይመስለኝም።" ይሄም?» እንዴ! ለራሴ የጻፍኩት እኮ ነው! ማስታወሻዬ እኮ ነው! ሰው ለሐኪሙ የማይነግረውን ነው ጄኔሬተር እያስጮኸ ለሰፈር ያነበበብኝ። ያውም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጄኔሬተሩን ለመብለጥ።

ይሄ ሁሉ ይሁን። ይሄንን እችለው ነበር። ከዚያ ግን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አልተደረደረም እኮ፣ ላስተካክልልሽ።» ተደርድሯል! በተነበበበት ቀን ነው የተደረደረው! አፌን ሳልከፍት የመጽሐፉን ርዕስ ኮለም ብቻ አጥቁሮ ሶርት አለ። ኤክሴል ምስኪኑ እንኳ ጠይቆት ነበር፤ አጠገቡ ያለውንም አብሬ ላንቀሳቅስ ወይስ የመረጥከውን ብቻ? ብሎ ሳጥን አወጣለት። ማሽኑ የጠየቀውን ያህል ሰውዬው አይጠይቅም። የመረጥኩትን ብቻ አለ፣ ሴቭ አደረገ፣ ዘጋው፣ ፍላሹን ነቅሎ ሰጠኝ። ገንዘቡንም ተቀበለ!

ወጥቼ ነው ወረቀቱን ያየሁት። ርዕሱ በፊደል ተራ ሄዷል፣ ደራሲው፣ ገጹ፣ ቀኑ፣ አስተያየቱ የነበረበት ቀርቷል። የጸሎት መጽሐፉ ትይዩ «ገዳዩን ከመጀመሪያው ጠርጥሬው ነበር» ይላል። የምግብ አሠራሩ «አልቅሼ አልቅሼ ዓይኔ አበጠ» ይላል፤ ይሄ ስለ ሽንኩርት ከሆነ እሺ። ለእህቴ ልጅ የገዛሁት የ12ኛ ክፍል ሒሳብ ደግሞ «እንደዚህ የሚያፈቅር ወንድ የለም» ተብሎለታል።

ተመልሼ ገባሁ። «ከንትሮል ዜድ በለው» አልኩት። ፋይሉ አንዴ ከተዘጋ መመለሻ የለም፣ እኔም አውቃለሁ እሱም ያውቃል፤ ግን ሲሞክር ማየት ፈለግኩ። «ያው ነው እኮ እህቴ፣ አንድም መጽሐፍ አልጠፋም» አለኝ። አንድም መጽሐፍ አልጠፋም!!

ባክአፕ የለሽም እንዴ የሚል ኮሜንት እንዳላይ። ኔትወርኩ እንኳን ፋይል ሊጭን «እንደምን አደርሽ» የሚለውን የእናቴን መልእክት ማታ ነው የሚያደርስልኝ።

ለነገሩ ከኤክሴል ጋርስ መች ተስማምቼ አውቃለሁ። የፈረንጅ ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን አንድ ብሎ ይዞ ቀን ይቆጥራል፣ የኛን አቆጣጠር ንገረው ብትሉት በጄ አይልም። ጥቅምት 30ን 30/2 ብዬ ብጽፍለት ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ቀን መሆኑን ይክደኛል፤ ተራ ጽሑፍ ነው ብሎ በግራ በኩል ያስጠጋዋል። ጳጉሜ 3ን 3/13 ስለው ደግሞ ማርች 13 ነው ይለኛል። 1,048,576 መስመር አዘጋጅቶ አንዲት የአምስት ቀን ወር ነሳን! የ13 ወር ጸጋ እያልን ስንት ዘመን ቱሪስት ጠራን፣ ኤክሴልን ግን ማሳመን አቃተን። እና ጳጉሜ ላይ የምጨርሰው መጽሐፍ ምን ይሁን? ጳጉሜ ላይ ደግሞ ከማንበብ በቀር ምን ሥራ አለ፣ ደመወዝ እንደሆነ የለ።

ስሙስ? ፀጋዬ ገብረ መድኅንን ፈልግልኝ ብዬ በፀሐዩ «ፀ» ብጽፍ፣ በጸሎቱ «ጸ» የተጻፈውን አያወጣልኝም። መድኅን ላይ ደግሞ «ህ» ነው «ሕ» ነው «ኅ» ነው፣ ገብረና መድኅን ይገጥማሉ ይለያያሉ፤ ለጆሮ አንድ ሰው የሆነው ለፊልተር አንድ ቤተሰብ ነው። ከዚያ በፊት የሞከርኩት የስልክ አፕማ የአባትን ስም አስቀድሞ ሰዉን ሁሉ በአባቱ ጠራብኝ። እሱን ሸሽቼ ነው ኤክሴል የገባሁት።

የቢሮ ሰዎችም አሉ እንጂ። «ኤክሴል ለደመወዝ ነው» ያለኝ ሰውዬ፣ በዚያው ኤክሴል የልጁን ልደት ተጋባዦች ከነስጦታቸው ግምት ሲመዘግብ አይቼዋለሁ። ዝም አልኩ። ሁልጊዜ ዝም ነው የምለው፣ ለዚህ ነው መሰለኝ ማንም እየተነሳ ሶርት የሚያደርገኝ።

አሁን ሻማ ለኩሼ ከመደርደሪያው አንድ በአንድ እያነሳሁ በእስክሪብቶ እያስተካከልኩት ነው። ርዕስና ደራሲ ችግር የለውም። ቀኑ ግን አይገኝም። የትኛውን በየትኛው ክረምት እንዳነበብኩት ከዚያ ዝርዝር በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ይቅር፣ ምን ይደረጋል።

አንድ ነገር ብቻ። «ማን ወሰደው» የሚለውም ኮለም ከርዕሱ ተለያይቷል። እና እዚህ ገብተሽ እያነበብሽ ያለሽ እህት፣ ራስሽን ታውቂያለሽ፣ ማስረጃው ጠፋ ብለሽ ያመለጥሽ እንዳይመስልሽ። አረንጓዴ ሽፋን ነው፣ ጀርባው ላይ የቡና ጠብታ አለው፣ ጠብታውም የራስሽ ነው። ቅዳሜ ይዘሽልኝ ነይ።