የእንግዳ ሄልሜት

ባለፈው ወር ሳሪስ አቦ ጋ አንድ ሚኒባስ ጎኔን ሳም አድርጎኝ አለፈ። ፓራፋንጎው ተጨራመተ፤ የኋላ በሩም ወደ ውስጥ ገባ። ረዳቱ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ "አይዞህ፣ ላሜራ ነው!" አለኝ። እውነቱን ነው። ላሜራ ነው። እናም የላሜራና ቀለም ጋራዥ ፍለጋ ገባሁ። ከረቡዕ እስከ ዓርብ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን ዕድሌ ቀንቶ የሥራ ቦታ ደህንነት ቁጥጥር ሲካሄድ በዓይኔ አየሁ።

ይህን ትዕይንት በነጻ ያየ ሰው ብዙ አይመስለኝም። ዝም ማለት ንፉግነት ነው።

በቅድሚያ ግን ስለ ቡፌ ላውራ። እናቴ ቤት ቡፌ አለ። ቡፌው ውስጥ ወርቃማ ጠርዝ ያላቸው ስድስት ብርጭቆዎች አሉ። እኛ በላስቲክ ኩባያ ጠጥተን አደግን። ብርጭቆው የእንግዳ ነው። እናቴ በየበዓሉ ታወጣቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ትመልሳቸዋለች። ራሷ አንድም ቀን ውኃ ቀምሳባቸው አታውቅም። ዘንድሮ ይህ ባህል ሊጠፋ ነው እያላችሁ የምትቆዝሙ ካላችሁ ተጽናኑ። ባህሉ ላሜራ ቤት ውስጥ በክብር ተቀምጧል። ብርጭቆውን በሄልሜት ቀይረውታል፣ ያ ብቻ ነው። ስምንት ቢጫ ሄልሜት፣ ከነላስቲኩ፣ ባለቤቱ ቢሮ ቁም ሳጥን ላይ ተደርድሯል። ዝንብ እንኳ አላረፈበትም።

አዘቦቱን ቀን ካላያችሁ የእንግዳውን ቀን ድምቀት አትረዱትምና ከረቡዕ ልጀምር።

ስገባ ማስተር ከአንድ ኮሮላ ሥር ተኝቶ ነበር። መኪናዋን ክሪክ አንስቷታል። ክሪኩ ዘይት ያፈስሳል። እንዳትወድቅ ደግሞ ሁለት ቸርኬ ደራርበው፣ ከላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርገው ደግፈዋታል። "ይሄ ድንጋይ ከኔ በፊት ነው እዚህ ጋራዥ የተቀጠረው" አለኝ ማስተር ከሥር ሆኖ። ከአንድ ቶን ብረት በታች ተጋድሞ የሚቀልድ ሰው የትም አገር አይገኝም። ሲናገር ግን ይጮኻል። እዚያ ግቢ ሁሉም ሰው ይጮኻል። ቀኑን ሙሉ ላሜራ ሲቀጠቅጥ የኖረ ጆሮ በሹክሹክታ አይሰማም። የጆሮ መድፈኛ የለም ወይ ብዬ ብጠይቀው "ምን?" አለኝ። ደገምኩለት። "ምን?" አለኝ። ተውኩት።

በያጁ ጭምብል አያደርግም። ጫፉን ብረቱ ላይ ሊያስነካ ሲል ፊቱን ወደ ጎን ያዞርና ዓይኑን ጭምቅ ያደርጋል። ዓይንህን ጨፍን ላሞኝህ የሚባለው ጨዋታ ይኸው ነው። እዚህ ግን ሞኙም አሞኙም አንድ ሰው ነው። ብርሃኑ የሚሞኝ አይደለም። ቀን ምንም አይልም፤ ማታ ሰውየው ከተኛ በኋላ ይመጣል። ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የበተኑበት ይመስለዋል። ድንች ቆርጦ ይለጥፍበታል፣ ያነጋል፣ ጠዋት በርበሬ የመሰለ ዓይኑን ይዞ ሥራ ይገባል። "ትናንት ብየዳ መታኝ" ይላል፣ ስለ ጉንፋን እንደሚያወራ ሰው።

ብረት የሚቆርጡበትና የሚሞርዱበት ግራይንደሩም መከለያ ነበረው። ሥራ ያሰናክላል ተብሎ ወለቀ። ትንሿ ግራይንደር 115 ሚሊ ሜትር ዲስክ ትይዛለች፤ በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ ትዞራለች። ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ስሠራው የዲስኩ ጠርዝ በሰዓት ወደ 240 ኪሎ ሜትር ይበርራል። ቀለበት መንገድ ላይ እንዲህ የሚበር ቢገኝ ትራፊክ መንጃ ፈቃዱን ይቀማዋል። እዚህ ከአፍንጫ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው፤ የሚያስቆመውም የለም።

ዋናው ጥበብ ግን ቀለም ክፍል ነው። "ክፍል" ስል በሦስት በኩል ሸራ የተጋረደ ቦታ ማለቴ ነው። ፎርኖ ያላቸው ጋራዦች አሉ፤ አየሩ በማጣሪያ ገብቶ በማጣሪያ የሚወጣበት። እዚህ አየሩ የገባበት ይገባል፣ መውጣት ካላማረውም አይገደድም። ቀለሙን የሚያጠነክረው ሃርድነር ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ነገር አለ። ሳንባ አንዴ ከተቆጣበት ከዚያ በኋላ ጥቂት ብናኝ ስትደርሰው እንኳ ደረት ይዘጋል። አስም ማለት ነው። ለዚህ የሚሆነው ንጹሕ አየር በቱቦ እየመጣለት የሚሠራ ማስክ ነው። የእኛ ቀለም ሠራተኛ በ2012 ለኮሮና የተገዛች ማስክ አለችው። በመጀመሪያ ሰማያዊ ነበረች ይላሉ። እኔ ሳያት ሦስት ቪትስና አንድ አባዱላ ቀለም ተቀብተውባታል።

ከዚያ በኋላ ወተት ይጠጣል።

ወተት መርዙን ያጥባል። ይህን የማያምን ቀለም ሠራተኛ አላጋጠመኝም። አንዳንድ ነገር አወሳሳቢ፣ ቀለሙ በአየር ቧንቧ ወደ ሳንባ፣ ወተቱ በጉሮሮ ወደ ጨጓራ ነው የሚሄደው፣ ታዲያ የት ይገናኛሉ ይል ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው ወተቱም ይቀርበታል። ባለቤቱ ወተቱን ከኪሳቸው ነው የሚገዙት። "ለሠራተኛ ጤና የማወጣውን እኔ ነኝ የማውቀው" ብለውኛል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ረቡዕ ነበርና ወተቱን አላየሁትም። "ዛሬ ጾም አይደል እንዴ!" አለኝ ሠራተኛው፣ እንደ መናፍቅ እያየኝ። ቀለሙን ግን ሲረጭ ነው የዋለው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሃርድነሩም ያኔ አብሮ እንደሚጾም ተስፋ አደርጋለሁ።

ከሸራው አራት እርምጃ ላይ ቡና አለ። ከሰል ተያይዟል፣ ጀበናው ተጥዷል፣ ልጅቷ ታራግባለች። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይወጣም፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ እሳት ይፈልጋል። እዚህ ብዙ አይለፋም። ከጀበናው ጀርባ ደግሞ የኦክስጅን ሲሊንደር ያለ ሰንሰለት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የቡና እንግዶች ይደገፉታል። ዘይት የነካው እጅ የኦክስጅን መክፈቻ አይንካ የሚባል ነገር አለ፤ ዘይትና የታመቀ ኦክስጅን ያለ ክብሪት ይቀጣጠላሉና። ላሜራ ቤት ውስጥ ዘይት ያልነካው እጅ ያለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጋራዡ ዘመናዊም ነው። መንግሥት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ካገደ ወዲህ ላሜራ ቤቱም የኤሌክትሪክ መኪና ማስተናገድ ጀምሯል። ሐሙስ ዕለት አንዷ ከሥሯ ተገላልጣ ቆማ ነበር። በሆዷ ደማቅ ብርቱካናማ ገመድ ያልፋል። ይህ ቀለም ምን ለማለት ነው ብዬ ጠየቅሁ። "ለውበት" አለኝ ማስተር። ከ300 ቮልት በላይ የተሸከመ ውበት። ግራይንደሩን አስነሳ። እኔ ወደ ቡናው ሸሸሁ፤ ወደ ከሰሉና ወደ ሲሊንደሩ ማለት ነው።

ቡናዬን ሳልጨርስ ስልክ ተደወለ።

እዚህ ላይ የአገሬን ጨዋነት ሳላደንቅ አላልፍም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተቆጣጣሪ በሥራ ሰዓት ሳያሳውቅ ዘው ብሎ እንዲገባ ይፈቅዳል። በደንብ ያደገ ሰው ግን ሰው ቤት ዘው አይልም። ሰውየው ደወለ። "ነገ ጠዋት ብቅ እላለሁ" አለ። ባለቤቱ ስልኩን ዘግተው ተነሡ። "ልጆች፣ እንግዳ አለብን!"

ከዚያ በኋላ የሆነው የጥምቀት ዋዜማ ነው። ግቢው ተጠረገ፤ ውኃ ተረጨ። ለዓመታት የቢሮውን በር እንዳይዘጋ ደግፎ የኖረው እሳት ማጥፊያ ተነሥቶ ተወለወለ፣ ሚስማር ላይ ተሰቀለ። በሩ ወዲያው ጓ ብሎ ተዘጋ። ቀስቱ ቀዩ ላይ ነው፤ ግፊት የለውም። ማን ቀስት ያያል? የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን ተከፈተ። ውስጡ ሁለት የሲም ካርድ ልጣጭና አንድ ካቻቢቴ ተገኘ። ልጅ ተልኮ ፕላስተር ተገዛ። "ደህንነት ይቅደም" የሚል ማስታወቂያ ታትሞ መጣ። የት ይሰቀል የሚለው ትንሽ አከራከረ። በመጨረሻ ክዳን የሌለውን የመብራት ሳጥን እንዲሸፍን ተደረገ። ልክ ሆነ። የወጡት ገመዶች በሙሉ ከደህንነት በስተጀርባ ተደበቁ።

ማሙሽም ተሸኘ። ማሙሽ የበያጁ ረዳት ነው። አዋጁ ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ ማድረጉን ባለቤቱ ሲሰሙ በግቢው ያሉትን ልጆች ሁሉ በአንድ ሌሊት 15 አድርገዋቸዋል። ማሙሽ አምና 15 ነበር፤ ዘንድሮም 15 ነው። ከ18 በታች ያለ ልጅ አደገኛ ሥራ ላይ አይመደብም የሚል ነገርም አዋጁ ውስጥ ስላለ፣ ዓርብ ጠዋት አክስቱን እንዲጠይቅ ተላከ። አክስት እንዳለው እንኳ እርግጠኛ አልነበረም።

ዓርብ ሦስት ሰዓት። ስምንት ቢጫ ሄልሜት ከነሰዎቹ ተሰልፏል። አንድ ነገር ግራ ገባኝ። የጋራዡ ጣሪያ ግማሹ ሰማይ ነው። ከላይ የሚወድቅ ነገር ካለ የእርግብ ኩስ ነው። ሰዎቹ የሚጎዱት በአፍንጫ፣ በዓይን፣ በጆሮና በእጅ ነው። አናታቸው ብቻ ነበር ሰላም የነበረው፤ እሱን ጠበቁት። ግን ልክ ናቸው። የሳንባ ማስክ ፊት ይሸፍናል፣ ፎቶ ላይ አያምርም። ሄልሜት ግን ከበር ይታያል።

ተቆጣጣሪው ነጭ ጫማ አድርጎ መጣ። ትሁት ሰው ነው። ወንበር ቀረበለት፣ ቡናው አጠገብ። ቅጹን አወጣ።

"የእሳት ማጥፊያ አለ?"

"አለ ጌታዬ።"

ምልክት አደረገ።

"የመጀመሪያ ዕርዳታ?"

"አለ። ሙሉ ነው።"

ምልክት።

"የግል መከላከያ?"

ባለቤቱ መልስ አልሰጡም፤ በእጃቸው ወደ ቢጫው ሰልፍ አመለከቱ፣ ሙሽራ እንደሚያስተዋውቅ ሚዜ። አንዱ ሠራተኛ ከሄልሜቱ ላይ የዋጋ ወረቀቱን መላጥ ረስቷል። ተቆጣጣሪው ፈገግ አለ። ምልክት።

በሰውየው አልፈርድም። ቅጹን አሻግሬ አይቼዋለሁ። "አለ" እና "የለም" የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ናቸው ያሉት። "ይሠራል ወይ" የሚል ሳጥን የለውም። "ሽታው ራስህን አላዞረህም ወይ" የሚልም የለውም። እሱ እንኳ አንድ ሁለቴ አፍንጫውን አሻሽቷል። ግን አፍንጫ ሪፖርት አይፈርምም። ወደ ሸራው ክፍል ጠጋ ሲል ባለቤቱ "ቡናው እንዳይቀዘቅዝ" አሉ። ተመለሰ። ጾም ስለሆነ ቆሎ ቀረበ። ማስታወቂያውን አደነቀ። "እንደዚህ የሚጽፍ የለም እኮ" አለ፤ እጁንም ሊዳስሰው ዘረጋ። ስምንት ሄልሜት በአንድ ድምፅ "ተው!" አለ። የዚያን ቀን በግቢው የተሰጠ ብቸኛው እውነተኛ የደህንነት ትምህርት ይኸው ነው። ሰውየው ቀለሙ አልደረቀም መሰለውና እጁን ሰበሰበ።

የአስተያየት ቦታው ላይ "በጣም ጥሩ፤ ይቀጥሉበት" ብሎ ፈረመ። ቀጠሉበትም። መኪናው ከቅያሱ ሳይሰወር ሄልሜቶቹ ወልቀው ተቆጠሩ፣ ተወለወሉ፣ ላስቲካቸው ውስጥ ገቡ። እሳት ማጥፊያው ወርዶ በሩን ደገፈ። ማስተር ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።

ማሙሽ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቆ "ሄዱ?" አለ። ሄደዋል አልኩት። ገብቶ የእኔን በር ይዞ ለበያጁ ቆመለት። ፊቱን አዞረ። ጭምቅ። ብልጭታው ሲበርድ ዓይኑን እያሸ ወደ እኔ ዞረ። አናቴ ላይ ከመገናኛ በርካሽ የገዛሁት ጥቁር መነጽር ነበር።

"ጋሼ፣ እሱን አይፈልጉትም?"

የጸሐይ መነጽር ለብየዳ እንደማይሆን አውቃለሁ። ነገርኩትም። ብቻ ባዶ ዓይን ከማየት ብዬ አውልቄ ሰጠሁት። ደስ አለው። እፍ እፍ አለበት፣ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው፣ በጥንቃቄ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ከዚያ ተመልሶ በሩን ያዘ።

"አታደርገውም እንዴ?"

"እዚህ?" አለኝ በጣም ተገርሞ። "ብልጭታው ያበላሸዋል እኮ!"