ከ116 ወደ 174

ለጀማሪ ዲጄ ከሚሰጡት ምክሮች ሁሉ «አንድ ዘውግ ያዝና በእርሱ ታወቅ» የሚለውን ያህል የሚደጋገም የለም። ሃውስ ከሆነ ሃውስ፣ ቴክኖ ከሆነ ቴክኖ። ድግስ አዘጋጆች ይህን ቢሉ አልፈርድባቸውም፤ ማስታወቂያቸው ላይ የሚጽፉት ስም ያስፈልጋቸዋል። እኔ ግን ምክሩን ሁለት ዓመት ሙሉ በታማኝነት ተከትዬ ያተረፍኩት ከሌላው ሃውስ አጫዋች የማልለይ መሆንን ብቻ ነው።

ምክሩ የዘውጎቹን አወላለድ ይረሳል። ዲጄው ፍራንኪ ናክልስ እ.ኤ.አ. በ1977 በቺካጎው ዌርሃውስ ጭፈራ ቤት መጫወት ሲጀምር ሃውስ የሚባል ሙዚቃ አልነበረም። ዲስኮ ነበር፣ ሶል ነበር፣ ከአውሮፓ የመጣ የሲንተሳይዘር (ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር መሣሪያ) ሙዚቃ ነበር። ሰውየው እነዚህን በራሱ ጆሮ አዛመዳቸው፤ «ሃውስ» የሚለው ስም በኋላ ከጭፈራ ቤቱ ስም ተቆርጦ ወጣ። በዲትሮይት ደግሞ ኤሌክትሪፋይንግ ሞጆ የሚባል የሬዲዮ አቅራቢ ዘፋኙን ፕሪንስን፣ ፓርላመንት የተባለውን የፈንክ ባንድና የጀርመኖቹን የኤሌክትሮኒክ ባንድ ክራፍትወርክን በአንድ ሌሊት ያሰማ ነበር። ከአድማጮቹ መካከል ቴክኖን የፈጠሩት እነ ህዋን አትኪንስና ዴሪክ ሜይ ይገኙበታል። ዛሬ «አትደባልቁ» የሚባልባቸው ዘውጎች የድብልቅ ልጆች ናቸው።

በዘውጎች መካከል የቆመው አጥር በከፊል የመሣሪያ ጉዳይም ነበር። ዲጄዎች ለዓመታት የሠሩበት የቴክኒክስ 1200 ሸክላ ማጫወቻ ፍጥነትን የሚያስጨምረውም ሆነ የሚያስቀንሰው 8 በመቶ ብቻ ነው። በደቂቃ 128 ምት ያለው ሃውስ እስከ ጫፍ ቢፈጥን 138 ይደርሳል፤ 174 ምት ያለው ድራም ኤንድ ቤዝ የሚባለው ፈጣን ዘውግ ቢዘገይ 160 ላይ ይቆማል። አይገናኙም። ዛሬ ኮምፒውተሩ የፈለጉትን ያህል ይጎትታል፤ ግን መጎተት መቻልና ማዛመድ መቻል ይለያያሉ። ይህን የተማርኩት በአንድ ቅዳሜ ሌሊት ነው። ከ128 ወደ 174 በጉልበት ዘለልኩ። ሰዉ ለጥቂት ሰከንዶች ግራ ተጋብቶ ቆመና ወደ መጠጡ ሄደ። የቀረው አንድ ሰካራም ነበር፤ እርሱም ቀድሞውኑ የሚጨፍረው ለሌላ ሙዚቃ ነበር።

መውጫውን ያገኘሁት ሳልፈልገው፣ በችክችካ ነው። ችክችካ በስድስት ትናንሽ ምቶች የሚዞር ነው፤ ስድስቱን ደግሞ ሁለት ቦታ ከፍሎም ሦስት ቦታ ከፍሎም መቁጠር ይቻላል። በሁለት ሲቆጠር በደቂቃ 116 የሚሄድ ችክችካ በሦስት ሲቆጠር በትክክል 174 ይሆናል። ስለዚህ በ116 ዘገም ካለ ሃውስ ላይ ችክችካውን እደርባለሁ፤ የሃውሱን ከበሮ ቀስ ብዬ አወጣለሁ፤ ችክችካውን ለብቻው ትንሽ አቆየዋለሁ። ከዚያ ድራም ኤንድ ቤዙ በሦስቱ ቆጠራ ላይ ይገባል። ምንም የፈጠነ ነገር የለም፣ ቆጠራው ብቻ ተለወጠ። መጀመሪያ የሠራሁት ሌሊት ሰዎቹን አየሁ፦ እግራቸው በሁለቱ ላይ እንዳለ ትከሻቸው በሦስቱ ሄዷል። እስክስታ የሚያውቅ ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ይችለዋል።

ይህን ስል «ሁሉንም እጫወታለሁ» ለሚሉትም ጥብቅና መቆሜ አይደለም። እነርሱ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ አምስት ዘውግ ያልፋሉ፤ ሲጨርሱ አንዱም አይታወስም፣ እነርሱም አይታወሱም። ስልት ማለት ከአንዱ ዘውግ ወደ ሌላው ስትሻገር በእጅህ ይዘኸው የምትሄደው ነገር ነው። የእኔን ያወቅሁት ዘግይቼ፣ የቀዳኋቸውን የራሴን ሌሊቶች ተቀምጬ ሳዳምጥ ነው። የመረጥኳቸው ሥራዎች ከየትም ይምጡ፣ በአብዛኞቹ ውስጥ ጭብጨባ ከፊት ወጥቶ ይሰማል። በቴክኖው ውስጥ ጭብጨባ፣ በጉራጊኛው ውስጥ ጭብጨባ። ሆን ብዬ አልነበረም። ቤታችን ከሠርግ አዳራሽ ጀርባ ነበርና ልጅነቴ በዚያ ድምፅ ነው ያለፈው፤ ምናልባት ከዚያ ይሆናል። አሁን አዲስ ሙዚቃ ስፈልግ ከዘውጉ ስም በፊት እርሱን አዳምጣለሁ።

ቅኝት ሌላው ፈተና ነው። የዲጄ ፕሮግራሞች ማንኛውንም ዜማ ሜጀር ወይም ማይነር በሚባሉት የምዕራባውያን ቅኝቶች ይፈርጃሉ። ትዝታ እንደምንም ይገባላቸዋል፤ አንቺሆዬ ግን አይገባም፣ ስክሪኑ «ይስማማል» ያለው ጆሮን ይቧጥጣል። እዚህ ላይ ማዳመጫውን አድርጎ ከመፈተን ሌላ አቋራጭ የለም።

የአገራችንን ሙዚቃ ከኤሌክትሮኒኩ ጋር የማዛመዱን መንገድ የጀመርነው እኛ አይደለንም። አንጋፋው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከምት ማሽን ጋር አዋህዶ ቀድቷል። ከእርሱ ብዙ ዘግይተው እንደገና ሙሉ እና ሚካኤል ሰይፉ የተባሉ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኞች መጡ፤ ከሁለቱ የመጀመሪያው ሥራውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ ሲጠራው ከውጭ የተበደረውን ስም እንዲበቃው አላደረገም።

ከሁሉም በላይ የምቀናው ግን ማንም የዲጄ ጥበብ ብሎ በማይጽፍላቸው የሠርግ ዲጄዎቻችን ነው። ከጉራጊኛ ወደ ትግርኛ፣ ከትግርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከዚያ ወደ ወላይትኛ ይሻገራሉ፤ የእያንዳንዱ ምት ሌላ ነው፣ የሙሽራዋ አያትም የእንጀራ ልጇም እኩል መጨፈር አለባቸው። ባለፈው ጥር አንዱን ከኋላው ቆሜ እጁን ስከታተል አመሸሁ። ፍጥነቱን የሚያሳየውን ስክሪን በናፕኪን ሸፍኖት ነበር።